ለቆላ ግቢ የሚስማማ ሕያው አጥር፤ አመራረጡ፣ አተካከሉና አጠባበቁ

አጥር ለአንድ ቤተ ሰብ ብዙ አገልግሎት ይሰጣል። ከብትና ፍየል ወደ ጓሮ ገብተው አትክልት እንዳያጠፉ ይከላከላል። የመታጠቢያውን፣ የመጸዳጃውንና የማዕድ ቤቱን ሥፍራ ከመንገደኛ ዐይን ሰውሮ የቤተ ሰቡን ገመና ይሸፍናል። ነፋስና አቧራ ይቀንሳል። አበባ ያለው ተክል የተጨመረበት እንደ ሆነ ደግሞ ግቢውን ያስጌጣል፤ ለንብም ቀሰም ይሰጣል።

በቆላው አገር አብዛኛው አጥር የሚሠራው ከደረቅ የግራር እሾህ ነው። ይህ አጥር ለጥቂት ጊዜ ከብት ቢመልስም ምስጥ ይበላዋል፤ ነፋስ ይጥለዋል፤ ስለዚህ በየጊዜው መታደስ አለበት። ለማደሻው የሚቆረጠው ግራር ለፍየልና ለግመል መኖ፣ ለንብ አበባ፣ ለሰው ጥላ የሚሆን ዛፍ ነው። ደግሞም የደረቀ እሾህ በመካከሉ ስለሚያሳይ ገመናን በደንብ አይሸፍንም። በዚህ ምክንያት ከቆሙ ተክሎች የሚሠራ ሕያው አጥር ይሻላል እንላለን።

ነገር ግን ሕያው አጥር ተክለው ያልተሳካላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። የዚህም ዋናው ምክንያት የአመራረጡ ስሕተት ነው። ሰው በክረምት መንገድ ሲሄድ ለምልሞ ያየውን ተክል ወስዶ ይተክላል፤ በጋ ሲመጣ ይደርቅበታል። በክረምት ሁሉም ተክል አረንጓዴ ስለ ሆነ ጠንካራውንና ደካማውን ለይቶ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ የአጥር ተክል የሚመረጠው በዝናብ ወራት ሳይሆን በበጋው መጨረሻ ነው። በሑመራና በመተማ ይህ ጊዜ ሚያዝያና ግንቦት ነው፤ የበልግ ዝናብ በሚያዝያ በሚበረታበት በአርባ ምንጭ አካባቢ ደግሞ የካቲት ነው። በዚያን ወቅት በየመንደሩ ተዘዋውሮ ማንም ውኃ ሳያጠጣው አረንጓዴ ሆኖ የሚታየውን ተክል መመልከት ከሁሉ የተሻለ ትምህርት ነው።

ሙቀት የሚችል ተክል በምን ይታወቃል?

ተክል በሙቀት ጊዜ ራሱን የሚያበርደው በቅጠሉ ላይ ባሉት ረቂቅ ቀዳዳዎች ውኃ በማትነን ነው። ውኃው ሲያልቅበት ቅጠሉ ይጠወልጋል፤ ከዚያም ይቃጠላል። ስለዚህ በቆላ የሚጸና ተክል ውኃውን የሚቆጥብበት አንድ ዘዴ ሊኖረው ይገባል። አንዳንዱ ቅጠሉ ጠባብና እንደ ሰም በሚያበራ ሽፋን የተለበጠ ነው፤ ክትክታ እንደዚህ ነው። አንዳንዱ ውኃውን በወፍራም ቅጠሉ ያከማቻል፤ እሬትና ቃጫ እንደዚህ ናቸው። ቅንጭብ ቅጠሉ እጅግ ትንሽና ቶሎ የሚረግፍ ሲሆን የቅጠሉን ሥራ አረንጓዴው ግንዱ ይሠራለታል። እሬት፣ ቃጫና ቅንጭብ ቀዳዳዎቻቸውን በቀን ዘግተው ሌሊት አየሩ ሲቀዘቅዝ ስለሚከፍቱ የሚያባክኑት ውኃ ጥቂት ነው። አንዳንዱ ደግሞ በበጋ ቅጠሉን አራግፎ ዝናብ ይጠብቃል። ይህ የመጨረሻው ዓይነት በሕይወት ቢቆይም ቅጠሉ በረገፈበት ወራት ገመና ሊሸፍን እንደማይችል ማስታወስ ያስፈልጋል።

የአገሩም ከፍታ መታየት አለበት። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል፣ መተሐራ 950 ሜትር ያህል፣ ሑመራ 600 ሜትር ያህል፣ ጋምቤላ 500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ሁሉም ቆላ ቢባሉም የሙቀታቸውና የዝናባቸው መጠን አንድ አይደለም። በወይና ደጋ ለአጥር የለመድነው ሰንሰል (ስሚዛ) እርጥበት ስለሚሻ፣ በደረቅ ቆላ ያለ ውኃ ይጸናል ተብሎ ሊታመንበት አይገባም።

ለውጭው ረድፍ የሚሆኑ ተክሎች

የውጭው ረድፍ ከብት መመለስ አለበት። ስለዚህ እሾህ ያለው ወይም ከብት የማይበላው መሆን ይገባዋል።

ቅንጭብ ለዚህ ሥራ በጣም ጠንካራ ነው። ከቁራጭ በቀላሉ ይበቅላል፤ ከብት አይበላውም፤ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው። ይሁን እንጂ ነጩ ወተቱ አደገኛ ነው። ዐይን ውስጥ ከገባ ከባድ ሕመም ያስከትላል፤ ለጊዜው ዐይን እስከ ማጥፋት ይደርሳል። ስለዚህ ሲቆረጥ እጅን በጨርቅ ወይም በጓንት መሸፈን፣ ፊትን ማራቅ፣ ልጆችንም ከሥፍራው ማስወጣት ያስፈልጋል። ወተቱ ዐይን የነካው ሰው ሳይዘገይ በብዙ ንጹሕ ውኃ ዐይኑን ታጥቦ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። ትንንሽ ልጆች ባሉበት ግቢ ቅንጭብ በልጆች መጫወቻና በበሩ አጠገብ ባይተከል መልካም ነው።

አይደርቄ (ጃትሮፋ) በወሎ በባቲ አካባቢ ለአጥርና ለአፈር መጠበቂያ የሚተከል ነው። ከብት ቅጠሉን ስለማይደፍረው አጥሩ ሳይበላ ያድጋል። ከቁራጭ ሲተከል ቶሎ ይደርሳል፤ ከዘር ሲተከል ግን ወደ ታች የሚወርድ ዋና ሥር ስለሚያወጣ በድርቅ ይበልጥ ይጸናል። ጉድለቱ በበጋ ቅጠሉን ማራገፉ ነው። ፍሬው መርዝ ስለ ሆነ ልጆች እንዳይበሉት መምከርና የወደቀውንም መልቀም ይገባል፤ የበላ ልጅ ያስታውከዋል፤ ያስቀምጠዋልም።

አጋም እሾሃም፣ ዘወትር አረንጓዴ፣ ነጭና መልካም መዓዛ ያለው አበባ የሚያወጣ ተክል ነው። የበሰለው ፍሬው ይበላል። ዕድገቱ ዝግ ያለ ስለ ሆነ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ነገር ግን አንዴ ከተያያዘ በኋላ ዶሮ እንኳ የማያሳልፍ አጥር ይሆናል።

ቃጫ ድንጋያማና ደካማ በሆነ መሬት ላይ ይጸናል፤ በሥሩ ዙሪያ ከሚወጡት ግልገሎች ይተከላል። የቅጠሉ ጫፍ እንደ መርፌ የሾለ ስለ ሆነ በመተላለፊያ አጠገብ ያለውን ጫፉን መቁረጥ ይገባል።

ገመና ለመሸፈን የሚሆኑ ተክሎች

ገመና የሚሸፍን ተክል ከሥሩ ጀምሮ ቅርንጫፍ የሚያወጣ፣ በበጋ ቅጠሉን የማያራግፍና መከርከምን የሚችል መሆን አለበት። ለቆላው ክትክታን እናስቀድማለን። ክትክታ ዘወትር አረንጓዴ ነው፤ ሲከረከም ይበልጥ ይጠብቃል፤ ክንፍ ያለው ፍሬው ቀይ ቡናማ መልክ ስላለው ያለ አበባም ያምራል። ከዘር ይፈላል። ዘሩ ጠንካራ ልባስ ስላለው ፈልቶ ከእሳት በወረደ ውኃ ውስጥ ጨምሮ ውኃው እስኪበርድ መተው፣ ከዚያም መዝራት ብቅለቱን ያፋጥናል።

ከክትክታው ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ሽፈራውን መትከል ይቻላል። ሽፈራው በኮንሶና በአርባ ምንጭ አካባቢ በየጓሮው የሚተከል ሲሆን ቅጠሉ እንደ ጎመን ይበላል። ብቻውን ጥቅጥቅ ያለ መጋረጃ አይሆንም፤ ነገር ግን ከአጥሩ በላይ ከፍ ብሎ ጥላ ይሰጣል። ፍየል ስለሚወደው ከአጥሩ ውስጥ እንጂ ከውጭ አይተከልም።

ለቀለምና ለውበት የሚሆኑ ተክሎች

ቡገንቪሊያ ለቆላ ግቢ ከሚመረጡት አበቦች አንደኛው ነው። ሐምራዊ፣ ቀይ፣ ብርቱካንማና ነጭ ዓይነት አለው። ቀለሙን የሚሰጠው እውነተኛው አበባ ሳይሆን በትንሹ አበባ ዙሪያ የሚወጣው ስስ ቅጠል ነው፤ በዚህም ምክንያት ቀለሙ ብዙ ቀን ይቆያል። ብዙ ውኃና ብዙ ፍግ ካገኘ ቅጠል ብቻ ያወጣል፤ መጠነኛ ደረቅነት ሲሰማው ግን አብልጦ ያብባል። ስለዚህ ከተያያዘ በኋላ በየቀኑ ማጠጣት ጥቅም የለውም። ሙሉ ፀሐይ ይፈልጋል። እሾህ ስላለው በአጥር ላይ ቢለቀቅ መከላከያም ይሆናል።

እሬት ቀይ፣ ብርቱካንማ ወይም ቢጫ አበባ ያወጣል። ከአጥሩ ግርጌ በአንድ ረድፍ ቢተከል ባዶውን ሥፍራ ይሞላል፤ ጎርፍም አፈር እንዳይወስድ ይረዳል። ሮማን ደማቅ ቀይ አበባና የሚበላ ፍሬ ስለሚሰጥ መታጠቢያ ውኃ በሚደርስበት ሥፍራ መትከል ይገባዋል። ጽጌረዳና ሌሎች ውኃ የሚወዱ አበቦች ከቤቱ ደጅ ካልሆነ በአጥር መሥመር ላይ አይተከሉም።

የድሬዳዋ ዛፍ የሚባለው ቀይ አበባ ያለው ዛፍ በዝናብ መግቢያ ግድም ሲያብብ እጅግ ያምራል። ነገር ግን በበጋ ቅጠሉን ያራግፋል፤ ሥሩም ከመሬት ወለል ሳይርቅ በሰፊው ይዘረጋል። ስለዚህ በአጥር ረድፍ፣ በግድግዳና በመጸዳጃ ጉድጓድ አጠገብ ሳይሆን ለብቻው በሰፊ ሥፍራ ለጥላ ይተከላል።

ፈጽሞ መትከል የማይገባ

ሙቀት የሚችል ተክል ሁሉ መልካም አይደለም። ለዚህ ትልቁ ምሳሌ ፕሮሶፒስ ነው። ይህ እሾሃም ዛፍ በ1970ዎቹ ዓመተ ምሕረት በመካከለኛው አዋሽ ለጥላ፣ ለነፋስ መከላከያና ለአፈር መጠበቂያ ተብሎ ተተከለ። ሙቀት ይችላል፤ ቶሎ ያድጋል፤ ዘወትር አረንጓዴ ነው። ይሁን እንጂ ከብቶች ፍሬውን በልተው ዘሩን በእበታቸው በየሥፍራው ስለ ዘሩት ከተተከለበት ወጥቶ በአፋር ክልል ከ1 ሚሊዮን ሄክታር የሚበልጥ መሬት ያዘ። ግጦሹን አጠፋ፤ የከብትና የውኃ መንገድ ዘጋ፤ ሲቆርጡትም ከጉቶው ተመልሶ ያቆጠቁጣል። የተከሉት ሰዎች ያሰቡት መልካም ነበር፤ የጎደለው አስቀድሞ ወዴት እንደሚሄድ መመርመር ነው። ስለዚህ ማንም ገበሬ ፕሮሶፒስን ለአጥር መትከል አይገባውም።

የወፍ ቆሎ (ላንታና) አበባው ብዙ ቀለም ስላለው ብዙዎችን ይማርካል። ነገር ግን ፍሬውን ወፎች ስለሚበትኑት በድሬዳዋና በምሥራቅ ሐረርጌ ግጦሽ ላይ ተስፋፍቷል፤ ቅጠሉን የበላ ከብት ጉበቱ ይጎዳል፤ ቆዳውም በፀሐይ ይቆስላል። ኦሊያንደርም ሙቀት የሚችልና አበባው የሚያምር ቢሆንም ቅጠሉም፣ አበባውም፣ ግንዱም መርዝ ነው፤ የበላ ከብት ይሞታል። ከብትና ልጅ ባለበት ግቢ አይተከልም።

አተካከሉ

በመጀመሪያ የሚያስፈልገው የተክል ብዛት ይታሰባል። ለምሳሌ 20 ሜትር በ25 ሜትር የሆነ ግቢ ዙሪያው 90 ሜትር ነው። ለበር 3 ሜትር ሲቀነስ 87 ሜትር ይቀራል። ቅንጭብ በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ቢተከል 290 ቁራጭ ይፈጃል፤ ለሚደርቀው መተኪያ ከአሥር አንድ ሲጨመር 319 ይሆናል። ይህን ሁሉ በአንድ ዓመት መፈጸም ላልቻለ ቤተ ሰብ፣ በመጸዳጃውና በመታጠቢያው ዙሪያ መጀመር ይገባል፤ ከሁሉ በፊት ገመና የሚፈልገው ይህ ሥፍራ ነውና። ለ12 ሜትር ርዝመት ክትክታ በ60 ሳንቲ ሜትር ርቀት በሁለት ረድፍ ቢተከል 40 ችግኝ ይበቃል። የአንዱ ረድፍ ተክል ከሌላው ረድፍ ክፍተት ፊት ለፊት እንዲውል ማድረግ ቶሎ እንዲሸፍን ይረዳል።

ቦዩ ወይም ጉድጓዱ ዝናብ ከመግባቱ በፊት 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ኖሮት ይቆፈራል። የላይኛው አፈር ለብቻ ተቀምጦ፣ ከበሰለ ፍግ ጋር ተደባልቆ ይመለሳል። ቅንጭብና እሬት ግን ፍግ አይሹም። አጥሩ ከጎረቤት ወሰን 1 ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ቢገባ ቅርንጫፉ ወሰን ተሻግሮ ጠብ አያስነሣም፤ ለመከርከምም መተላለፊያ ይሆናል። ከቤቱም 3 ሜትር ያህል ቢርቅ በሙቀት ጊዜ ነፋስ አያግድም። ከፍ የሚለው ተክል በምዕራብ በኩል ቢሆን የከሰዓት በኋላውን ፀሐይ ከግድግዳው ላይ ይከለክላል።

ችግኝ የሚተከለው ዝናቡ አንድ ጊዜ በመዝነቡ ሳይሆን አፈሩ ከስንዝር በላይ ሲርስ ነው። የቅንጭብ ቁራጭ ግን እንደ ተቆረጠ አይተከልም፤ ወተቱ እስኪደርቅ ድረስ ለጥቂት ቀን በጥላ ሥር ይቆያል፤ ከዚያም 15 ሳንቲ ሜትር ያህል በመሬት ውስጥ ይገባል። ውኃ ከበዛበት ይበሰብሳል። የቡገንቪሊያ ቁራጭ የእርሳስ ውፍረት ካለውና ጠንከር ካለው ቅርንጫፍ፣ 20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ተቆርጦ በጥላ ሥር ሥር እስኪያወጣ ይጠበቃል።

የመጀመሪያው በጋ

አጥር የሚሞተው ወይም የሚድነው በመጀመሪያው በጋ ነው። ሙቀት የሚችል የተባለውም ተክል ሥሩ እስኪወርድ ድረስ እንክብካቤ ይፈልጋል። በየቀኑ ጥቂት ውኃ ማርከፍከፍ ሥሩን ወደ ላይ ስለሚያስቀር ጉዳት ነው። በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ ማለዳ ወይም ማታ፣ እስከ ሥሩ እንዲደርስ አጥግቦ ማጠጣት ይሻላል። ሴቶች ከሩቅ ተሸክመው ያመጡትን የመጠጥ ውኃ ለአጥር ማፍሰስ አይገባም፤ እጅና ዕቃ የታጠበበት ውኃ ይበቃል። ብዙ ሳሙና ያለበት ግን አንድ ጊዜ በአንዱ፣ ሌላ ጊዜ በሌላው ተክል ሥር መፍሰስ አለበት። በተክሉ ሥር ደረቅ ሣር ማልበስ እርጥበት ይጠብቃል፤ ምስጥ ባለበት አገር ግን ሣሩ ግንዱን ሳይነካ አንድ ስንዝር ያህል መራቅ አለበት። ተክሉ እስኪጠነክር ድረስ የድሮው የእሾህ አጥር አይነሣም፤ ለሕያው አጥር ሞግዚት ይሆነዋልና።

መከርከም

ብዙ ሰው ተክሉ ቶሎ እንዲረዝም ስለሚፈልግ አይከረክምም። እንዲህ ያለ አጥር ላዩ ጥቅጥቅ ብሎ ታቹ ባዶ ይሆናል፤ ዶሮና ፍየል ያሾልካል፤ ገመናም አይሸፍንም። ክትክታ ወገብ ሲደርስ ጫፉን እስከ ጉልበት ዝቅ አድርጎ መቁረጥ ከሥሩ ብዙ ቅርንጫፍ እንዲያወጣ ያስገድደዋል። ከዚያ በኋላ ግርጌው ሰፊ፣ ላዩ ጠባብ እንዲሆን ይከረከማል፤ ላዩ ከሰፋ የታችኛው ቅጠል ፀሐይ አጥቶ ይረግፋል። የመከርከሚያው ጊዜ የዝናብ መግቢያ ነው። በበጋው ሐሩር መከርከም ተክሉን ያቃጥለዋል።

ለልማት ሠራተኞች

የልማት ሠራተኛው ችግኝ ከማደሉ በፊት በበጋው መጨረሻ በቀበሌው ተዘዋውሮ፣ የቆየ አጥር ያላቸውን ቤተ ሰቦች የተከሉበትን ዓመት፣ ያጠጡበትን ጊዜና የሞተባቸውን ተክል ጠይቆ ይመዝግብ። የተከላ ሥራ የሚለካው በክረምት በታደለው ችግኝ ቁጥር ሳይሆን በተከታዩ በጋ መጨረሻ በሕይወት በተገኘው ነው። ስለ አጥሩ ሲመክርም ሴቶችን መጠየቅ አይርሳ፤ የትኛው ሥፍራ መሸፈን እንዳለበትና ምን ያህል ውኃ እንደሚተርፍ ይበልጥ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። ከሌላ አገር የመጣ አዲስ ተክል ሲቀርብለት፣ ሙቀት ይችላል ወይ ብሎ ብቻ ሳይሆን ከብት ቢበላው፣ ልጅ ቢቀምሰው፣ ዘሩ ከግቢ ቢወጣ ምን ይሆናል ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።

ባጭሩ፣ የቆላ አጥር በበጋ ይመረጣል፤ በዝናብ ይተከላል። ከውጭ ከብት የሚመልስ፣ ከውስጥ ገመና የሚሸፍን፣ ከደጅ አጠገብ አበባ የሚሰጥ ተክል ተለይቶ በየሥፍራው ሲተከል፣ የመጀመሪያውንም በጋ ሲሻገር፣ ቤተ ሰቡ በየዓመቱ እሾህ ከመቁረጥ ያርፋል፤ ግራሩም ለከብቱና ለንቡ ይተርፋል።